50 ግራም የሽንኩርት ዘር

ይህን የምጽፈው ባለፈው ጳጉሜን አንድ ሰው አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዬ ነው። «ዘሩ ይበቅል እንደሆነ አይተሃል?» ብቻ። የጠየቀኝ የለም። ሁሉም የጠየቀኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ ከምክር ይልቅ ማብሸቂያ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከቤቴ ጀርባ 6 በ9 ሜትር የምትሆን ቦታ አለችኝ። ሰኔ ሲገባ ሣር ይውጣታል፤ ጳጉሜን ሲደርስ ልጆቼ የጠፋ ኳስ የሚፈልጉባት ጫካ ትሆናለች። መስከረም ላይ እኔ እረከባታለሁ።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር። ከተሜው ጸደይ ሲል አደይ አበባ የምትፈነዳበትን መስከረምን ማለቱ ነው። ቄሶቹን ብትጠይቁ ግን መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው፣ ጸደይ መጋቢት 26 ነው ይሏችኋል። ልክ ናቸው። የእኔ ጓሮ ግን የሚሰማው ከተሜውን ነው። በመስከረም መሬቱ ገና ውሃ አለው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ዝናቡም እንደ ሐምሌ አይደበድብም። መጋቢት ላይ ቆፍሮ የሚተክል ሰው የራሱ ጉድጓድ ያለው ሰው ነው። እኔ ያለኝ አንድ ሮቶ ነው።

የተለመደውን ሥራ ቶሎ ልበለው። ሣሩ ይታጨዳል። ሰርዶን ግን ማጭድ አይበግረውም፤ ከነሥሩ ካልነቀላችሁት በጥቅምት ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ ቆፈር ስታደርጉ ጥቁር ድንጋይ ታገኛላችሁ። ከተማችን የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ባዛልት ላይ ስለሆነ ድንጋዩ በየዓመቱ የሚወለድ ነው የሚመስለው። ትልልቁን ለቅሜ የመደብ ድንበር አድርጌዋለሁ። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይብቃው፤ ሳትረግጡት ከግራም ከቀኝም እጅ ይደርሳል። በመስከረም ከፍ አድርጉት፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ከኅዳር በኋላ ለሚተከለው ደግሞ ዝቅ አድርጉት፣ ውሃ እንዳያመልጠው። ፍጉ ክረምቱን ከርሞ የበሰበሰ፣ ሲዘግኑት የማይሸት ይሁን። ትኩስ የዶሮ ኩስ እንዳትሞክሩ፤ ታች አምና የሰላጣ ችግኜን በአራት ቀን ገለባ አድርጎብኛል።

ካሮትና ቀይ ሥር እዚያው መደቡ ላይ ይዘራሉ። ካሮት ነቅሎ መትከል አይወድም፤ ተጣሞ ሁለት እግር አውጥቶ ይበቀላችኋል። ሲበቅል ማሳሳት ነው፣ ሳይራሩ። ቆስጣ የሰነፍ ሰው ወዳጅ ነው፤ የውጭ የውጭውን እየቀነጠሱ ወራት ይበሉታል። ቃሪያ አሥር እግር ለአንድ ቤት ይተርፋል። ቲማቲም ላይ ግን ከባለሙያዎቹ ጋር አልስማማም። አንድ ሥልጠና ላይ የታደለን ወረቀት ችግኙ በመስከረም መጀመሪያ ይተከል ይላል። የቲማቲሙን ቅጠል አጥቁሮ በሳምንት የሚያደርቀው በሽታ እርጥበት ይወዳል፤ በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ባሕር ዳር እርጥበት በሽ ነው። እኔ መስቀል ሳያልፍ አልተክልም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የተከለበትን ጓሮ ያሳየኝና ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ሌላም አለ። «ከጣና ዳር እምቦጭ አምጥተህ ጉዝጓዝ አድርገው፣ ነፃ ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ የታየ አረም፣ ከቁራጭ ግንዱ ተነሥቶ የሚራባ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ነገር፣ በጆንያ ከተማ ለከተማ አላዞርም። ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ጆንያ ተሸክማችሁ የምታተርፉት አንድ እፍኝ ጭራሮ ነው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ።

ቤታችን በሳምንት 3 ኪሎ ሽንኩርት ያልቃል። የሽንኩርት ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ባለቤቴ እኔን የምታየኝ እኔ እንደጨመርኩት አድርጋ ነው። እናም አምና ወሰንኩ፤ ከጓሮው 20 ካሬ ሜትሩ ለሽንኩርት።

መስከረም 2 ቀን ዘር የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ከመደርደሪያ ላይ የተከፈተ ጣሳ አወረደ። «ቦምቤ ሬድ ነው፣ ቶሎ የሚደርሰው» አለኝ። 50 ግራም መዝኖ በላስቲክ ቋጠረልኝ። የሽንኩርት ዘር አይታችሁ ከሆነ ቁርጥ ጥቁር አዝሙድ ነው። ጥቁር አዝሙድ ቢሸጥልኝም አላውቅም ነበር። ጣሳው ላይ የታተመውን ቀን አላየሁም። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ «ደረሰኝ ከሌለህ አይወራረድም» እያልኩ ሰው የምመልስ ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ሌላው ጥፋት ብዛቱ ነው። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 250 ፍሬ ዘር አለ። 50 ግራም ማለት ከ12 ሺህ ፍሬ በላይ ነው። ለ20 ካሬ ሜትር እንደ አትክልት መመሪያ መጽሐፉ አተካከል 1,300 ያህል ችግኝ ይበቃል፤ የሚሞተውን አስበን እጥፍ ብንዘራ እንኳ ከ11 ግራም አይበልጥም። ቁጥር የምደምር ሰው ይህችን አልደመርኩም።

መስከረም 5 ዘራሁ። አፈሩን በወንፊት ነፋሁት ማለት ይቀላል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አወጣሁ፣ ዘሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀበርኩ፣ በደረቅ ሣር ሸፈንኩ። ጠዋትና ማታ በማጠጫ እንደ ጠበል እረጭ ነበር። በ7 ቢዘገይ በ10 ቀን ይወጣል ተብሏል።

በዘጠነኛው ቀን ወጣ! ሣሩን ገለጥ ሳደርግ አረንጓዴ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ መርፌ የመሰለ። ፎቶ አነሣሁ። በቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ደብረ ማርቆስ ያለችው እኅቴ «እንኳን ማርያም ማረችህ» ብላ ጻፈችልኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ኮራሁ። ልጆቼን መደቡ አጠገብ እንዳያልፉ ከለከልኩ።

በማግሥቱ ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጡ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጎጃም ገጠር አድገው ነው ባሕር ዳር የገቡት። ጓሮውን ላሳይዎ አልኳቸው። ጎንበስ አሉ። አንዱን ነቅለው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይሄ ሽንኩርት ነው?»

«አዎ እማማ፣ ትናንት ወጣ።»

«ሣር ነው የኔ ዓለም። ሣር ነው የምታጠጣ።»

ቀና ብዬ ባለቤቴን አላየኋትም። ማየት አያስፈልግም ነበር።

ያን ጊዜ ነው እማማ ያሳዩኝ። የሽንኩርት ቡቃያ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ተጣጥፎ፣ እንደ ተንበረከከ ሰው ጉልበቱን አስቀድሞ ነው ከአፈር የሚወጣው። ከዚያ ራሱን ይስባል፤ ቀና ሲል ጫፉ ላይ ጥቁሯ የዘር ቅርፊት እንደ ቆብ ተሰክታ ትታያለች። ደግሞ ሲያሹት ይሸታል። ሣር አይሸትም። ይህን የሚያክል ነገር በየትኛውም ወረቀት ላይ አላነበብኩም።

ሣሩን ነቃቅዬ ጠበቅኩ። በ15ኛው ቀን ጠዋት በስልኬ መብራት መደቡን መስመር በመስመር ቆጠርኩ። ተንበርክኮ የወጣ 11 ነበር። ከ12 ሺህ 11።

ሱቁ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ሳይል «አጥልቀህ ቀብረኸዋል» አለ። አንድ ሳንቲ ሜትር ነው አልኩት። «ውሃ አብዝተህበታል» አለ። አላበዛሁም አልኩት። «ታዲያ አሳንሰህበታል» አለ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር እንደማይቻል የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ጣሳውን አሳየኝ ስለው ተሸጦ አልቋል አለኝ። ደረሰኝ አለህ ወይ አለ። እሱ እንኳ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ሦስት ሳምንት የበላ ሞኝነት ነው። ለመብቴ እቆማለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሁለተኛው ቀን፦ ስብሰባው አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘኋቸው፤ ትሑት ሰው ናቸው፣ ሻይ ሁሉ ጋበዙኝ። ከዚያ «ይህ የኛ ሥራ አይደለም፣ የቁጥጥር ነው» ብለው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላኩኝ። እዚያ ያለው ወጣት ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ናሙና አምጣ አለኝ። የተረፈችኝን ዘር በላስቲኳ ይዤ መጣሁ። አየና «ይህማ የተከፈተ ነው፤ ለምርመራ የምንቀበለው ያልተከፈተ ማሸጊያ ነው» አለ።

«ወንድሜ፣ ያልተከፈተ ማሸጊያ ከሆነ ዘሩ እንደማይበቅል በምን አውቃለሁ?»

አሰበ። በእውነት አሰበ። «ሁለት መግዛት ነበረብህ» አለኝ። «አንዱን መዝራት፣ አንዱን ማስቀመጥ።»

ሳስበው እስከ ዛሬ ይተናነቀኛል። 50 ግራም እንኳ ለሚበዛበት የከተማ ጓሮ ጣሳ ሙሉ ገዝቶ፣ ሌላ ጣሳ ለማስረጃ ማኖር! ማመልከቻዬ ላይ ማኅተም መቱ፣ ፋይል ውስጥ ገባ። ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። እንደውላለን አሉ።

አየር ላይ የቀረው ቀን የኔ ነበር። እነሱ ምንም አልከሰሩም። ጥቅምት ገባ፣ ዝናቡ ቆመ፣ መደቡ ባዶውን ቀረ። እዚያው ቢሮ በር ላይ ቆሜ ያባከንኩትን ጠዋት ሁሉ ሌላ ዘር ፍለጋ ባውለው ኖሮ ሦስት ሳምንት አተርፍ ነበር። በሽንኩርት ሦስት ሳምንት ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እማማ ነገሩን ሲሰሙ አላዘኑልኝም። «ብቅል ሲበቀል አይተህ አታውቅም?» አሉኝ። «ገብሱን ነክረን በኮባ ጠቅልለን፣ መብቀሉን አይተን ነው ወደ ጠላው የምንሄድ። ያልበቀለ ይዞ ጠላ የሚጠምቅ አለ?» ማሰሮ ከመጣዱ በፊት የሚታወቅ ነገር ነው ለካ።

ማታውኑ ሞከርኩ። ከተረፈው ዘር 20 ፍሬ ቆጠርኩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፣ ጠቀለልኩ፣ በሳህን አድርጌ ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ረጨት አደርጋለሁ። በአሥረኛው ቀን ፈታሁት። ከ20 አንድ። አንዷም ጅራቷን ለማውጣት ያመነታች ነበረች።

በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ዘር ሁሉ ዕድሜው አጭር ከሚባሉት ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካላደረ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። ሙቀትና እርጥበት ገዳዮቹ ናቸው። አሁን አስቡት፤ የጣና ዳር ክረምት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ፣ ክዳኑ በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፈት ጣሳ። ዘሩ ሐሰተኛ አልነበረም ይሆናል። ሞቶ ነው የተሸጠልኝ።

ሁለተኛውን ዘር ያገኘሁት በዘመድ ነው። ፎገራ የሽንኩርት አገር ነው፤ ወረታ ከኛ ወደ ጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባለቤቴ አጎት እዚያ ራሱ ዘር ከሚያመርት ገበሬ 15 ግራም ላከልኝ፤ የዚያው ዓመት ምርት፣ በወረቀት ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ብልቃጥ የታሸገ። ባለሙያዎቹ የምስክር ወረቀት የሌለው ዘር አትጠቀሙ ይላሉ። ለትልቅ እርሻ እቀበላለሁ። ለጓሮ ግን ሲበቅል በዓይኔ ያየሁትን ዘር፣ ካላየሁት ማኅተም አስበልጣለሁ። ከ20ው 18 በቅሎ ነበር።

ጥቅምት 19 ዘራሁ። በስምንተኛው ቀን ተንበርክከው ወጡ። ፎቶ አላነሣሁም። አንዱን ብቻ ነቅዬ አሸተትኩ።

ችግኝ መደብ ላይ 50 ቀን ገደማ ይቆያል። የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ያለችውን የቀለም ቱቦ ያህል ሲወፍር ነው መንቀል። ዋዜማውን ውሃ አጠጡት፣ ሥሩ እንዳይበጠስ። አመሻሽ ላይ ትከሉ። መጽሐፉ ለቦይ መስኖ 40 በ20 በ5 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ቦዩ 40፣ በሁለቱ መስመሮች መሐል 20፣ በችግኞቹ መሐል 5። ያ ለእርሻ ነው። በማጠጫ ለሚያጠጣ ሰው መሐል ላይ ያለው 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ አረም ማሳደጊያ ነው። እኔ መደቡን ሙሉ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አድርጌ፣ በችግኞቹ መሐል አንድ ጣት ያህል ሳይሆን አንድ መዳፍ፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እተዋለሁ። በልግ እስኪመጣ ቅጠሉ አፈሩን ያጠላዋል፣ ውሃም ይቆጥባል።

የተከልኩት ታኅሣሥ 9 ነው። ይህ ሽንኩርት ከተተከለ በኋላ ከሦስት ወር ተኩል ያላነሰ ይፈልጋል። ቁጠሩት። መጋቢት መጨረሻ ይሆናል። ሦስት ሳምንቷ ዋጋ የምታስከፍለው እዚህ ላይ ነው። መጋቢት የባሕር ዳር ፀሐይ የሚያናድድበት፣ በኛ ሰፈር ደግሞ ቧንቧ በሌሊት ብቻ፣ እሱም ቀን እያሳለፈ የሚመጣበት ወር ነው። ኮረቱ፣ ማለት የሽንኩርቱ ራስ፣ ሊወፍር ሲል፣ ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት፣ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በካልሲ ወጥቼ ሮቶ እሞላ ነበር። ትሪፕስ የምትባለው ቅንጣት ተባይ ደግሞ ደረቅ ወቅት ነፍሷ ነው፤ ቅጠሉን እየመጠጠች ብርማ አደረገችው። በውሃ ግፊት እያጠብኩ ታገልኳት። በግማሽ አሸነፈችኝ።

አባይ ዳር ቤት ያለው ጓደኛዬ ግን አታልቅስ ብሎኛል። የሱን ጎመን በሌሊት ጉማሬ ነው የበላው። ለጉማሬ ማመልከቻ አይጻፍም።

ያነሣሁት 23 ኪሎ ነው። ብዙው የዕንቁላል ያህል። በወቅቱ ቢተከል 40 ኪሎ አያጣም ነበር፤ ባለቤቴ 50 ትላለች። ስምንት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ተበልቶ አለቀ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

ዘንድሮ ነሐሴ 12 ቀን፣ ገና ዝናቡ ሳይቆም፣ ሳህኑን አወጣሁ። 20 ፍሬ፣ እርጥብ ጨርቅ። ነሐሴ ላይ ካልበቀለ ሌላ ለመፈለግ ሙሉ ወር አላችሁ፤ መስከረም ላይ ግን የላችሁም። ከ15 በታች ከበቀለ አልዘራውም። ሱቅ ስትሄዱ ጣሳው ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፣ ቀኑን በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ደረሰኝ ውሰዱ። የተከፈተ ጣሳ አትግዙ። ካልበቀለባችሁ ደግሞ ገንዘቡን እርሱትና በዚያው ቀን ሌላ ዘር ፈልጉ። ክርክሩን ለሰኔ አቆዩት፣ ሰኔ ላይ ሥራ የለም።

እኔን የደወሉልኝ ግንቦት ላይ ነው። «የዘር ጉዳይ ማመልከቻ አስገብተው ነበር?» አለች አንዲት ሴት። ነበር አልኳት። ናሙናውን ይዘው ይምጡ አለችኝ። አላመንኩም። ላስቲኳ ገና መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ፋይሉን ፈለጉ። ከላይ ያለውን ክምር አወረዱ፣ ከታች ያለውን አወጡ። ማመልከቻው የለም። ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቅጂ አላስቀሩም?» አለችኝ።